ባዶ ሱቅ የበዛበት መንገድ፦ የነዋሪዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ዋናው የሱቆች መንገድ ሰው እየራቀው፣ በር በበር እየተዘጋ መሄዱ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

መንገዱን ለመኪና ብንዘጋው ሰው ይመለሳል?

የጠየቁት የነዋሪዎች ኮሚቴ አባል ናቸው። የኮፐንሃገንን ፎቶ አይተው ድንጋይ ለማንጠፍ ዋጋ እያጠያየቁ ነው።

ድንጋዩ ይቆይ። ስትሮየት የሚባለው የኮፐንሃገን የሱቆች መንገድ ለመኪና የተዘጋው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1962 ሲሆን መጀመሪያ የተዘጋው ለሙከራ ነበር። የሠራው ቀድሞም በእግር የሚሄድ ሰው ስለነበረው ነው። በአሜሪካ የካላማዙ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1959 የንግድ መንገዷን ለእግረኛ ብቻ አደረገች፤ በ1998 መኪና ተመልሶ ገባበት። በእግር የሚደርስ ነዋሪና ሠራተኛ በሌለበት መኪና ማገድ የቀረውን ደንበኛ ማባረር ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቁጠሩ። አንድ ሰው በግራ፣ አንድ ሰው በቀኝ ይቁም፤ በየሰዓቱ ለ10 ደቂቃ አላፊውን ይቁጠርና በ6 ያባዛ። አንድ የሥራ ቀንና አንድ ቅዳሜ ይበቃል። ከዚያ ፈቃድ አውጥታችሁ ለስድስት ተከታታይ ቅዳሜዎች መንገዱን ዝጉና እንደገና ቁጠሩ። የዕቃ ማራገፊያ ሰዓት ከባለሱቆች ጋር አስቀድማችሁ ካልተስማማችሁ ግን ሙከራው በመጀመሪያው ሳምንት ይፈርሳል።

የአበባ ማስቀመጫዎች እንግዛ?

በየቀኑ ውሃ የሚያጠጣው ሰው ማን እንደሆነ ከታወቀ ይገዙ፤ ካልታወቀ ይቅሩ።

ባለቤቱ ሱቁን ለምን ዘግቶ ይቀመጣል?

አንዲት ነዋሪ ረዘም አድርገው ጽፈዋል። ከቤታቸው ፊት ለፊት ያለ ትልቅ ሱቅ ከተዘጋ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ባለቤቱ ግን ኪራይ አልቀንስም ብሏል። «ከባዶ ትንሽ አይሻለውም? ስግብግብነት እኮ ነው» ይላሉ።

የሌሎቹ ጥያቄዎች ሁሉ ሥር የእርስዎ ጥያቄ ነው። ስግብግብነት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ሒሳብ ነው። የንግድ ሕንፃ የሚገመተው በሚያስገባው ኪራይ ነው። ባለቤቱ ሕንፃውን አስይዞ ተበድሮ ከሆነ፣ በግማሽ ኪራይ የሚፈርመው ውል የሕንፃውን ግምት ይዞት ይወርዳል። ባዶው ሱቅ ግን በወረቀት ላይ የድሮ ዋጋውን እንደያዘ ሊቆይ ይችላል። ሌሎቹ ተከራዮቹም «ለእሱ ቀንሰህ ለእኛስ?» ይሉታል። በዚያ ላይ ዛሬ በርካሽ የገባ ሰው ነገ አልወጣም እንዳይለው ይሰጋል። «ኪራይ ቀንስ» ብላችሁ ብትሄዱ እምቢታ ይዛችሁ የምትመለሱት ለዚህ ነው።

በውሉ ላይ የተጻፈውን ኪራይ ሳትነኩ ሂዱ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ነጻ ይሁኑና ሙሉ ኪራዩ ከዚያ ይጀምር፤ ወይም ኪራዩ በየስድስት ወሩ ደረጃ በደረጃ ይውጣ፤ ወይም ዝቅ ያለ መነሻ ተቀምጦ ከሽያጭ ድርሻ ይታከልበት። ጨርሶ ተከራይ ከሌለ የአጭር ጊዜ የመጠቀሚያ ስምምነት አለ። በአውስትራሊያ ኒውካስል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው «ሪኒው ኒውካስል» ባዶ ክፍሎችን በየ30 ቀኑ በሚታደስ ስምምነት ለሠዓሊዎች፣ ለእጅ ባለሙያዎችና ለጀማሪ ነጋዴዎች አስገኝቷል። ቋሚ ተከራይ ሲመጣ ክፍሉ ስለሚለቀቅ ባለቤቶቹ የሚፈሩት ነገር አልነበረም። በስምምነቱ ላይ ሳይጻፉ የሚቀሩትና በኋላ የሚያጣሉት አራት ነገሮች ናቸው፦ መብራትና ውሃ ማን ይከፍላል፣ ኢንሹራንሱ በማን ስም ነው፣ ልቀቁ ሲባል ስንት ቀን ይሰጣል፣ የተቀየረውን ግድግዳ ማን ይመልሳል። ጠበቃ አንድ ጊዜ ያንብብላችሁ።

ሱቁ ትልቅ መሆኑ ራሱ ችግር ነው። የዴንማርኩ አርክቴክት ያን ጌል ለእግረኛ የሚመች ብሎ ያስቀመጠው በ100 ሜትር ውስጥ ከ15 እስከ 20 ሱቅ ነው፤ የእያንዳንዱ ፊት ከ5 እስከ 6 ሜትር ገደማ ማለት ነው። 18 ሜትር ፊት ያለው ባዶ ሱቅ ለሦስት ቢከፈል እያንዳንዱን የሚደፍር ተከራይ ይገኛል። ኪስ የሚጎዳው ግድግዳው ሳይሆን ለእያንዳንዱ የራሱ በር፣ ቆጣሪና መጸዳጃ ማውጣቱ ነውና ዋጋ ስታስጠይቁ እነዚህን ለይታችሁ ጠይቁ።

እስከዚያው መስታወቱን አትተዉት። በበሩ ሥር የተከመረ ፖስታ፣ አንዱ በሌላው ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ፣ በቪትሪኑ ጠርዝ ላይ የደረቁ ዝንቦች፤ አላፊው እነዚህን ሲያይ መንገድ ይሻገራል፣ ጎረቤት ሱቁም ደንበኛ ያጣል። ማስታወቂያውን በለብታ የሳሙና ውሃ አርሱት፣ 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ በፕላስቲክ መፋቂያ አንሱት፤ በደረቁ በምላጭ ከተፋቀ መስታወቱ ይጫራል። ከመስታወቱ 60 ሳንቲ ሜትር ገባ አድርጋችሁ ቀላል ግድግዳ አቁሙና የጎረቤት ሱቆችን ዕቃ አሳዩበት። አምፖሉ በታይመር እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ይብራ።

ደንበኛ የጠፋው ፓርኪንግ ስለሌለ ነው ይላሉ

እውነት ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ ግን ማን እንደቆመ እወቁ። በየሰዓቱ የሰሌዳዎቹን የመጨረሻ ሦስት ቁጥሮች መዝግቡ። አንድ መኪና ከጠዋት እስከ ማታ ካልተነሳ የደንበኛ አይደለም፤ የባለሱቁ ወይም የሠራተኛው ነው። ፓርኪንግን ያጠኑት አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ዶናልድ ሹፕ የመከሩት ከቦታው 85 በመቶ ገደማ እንዲያዝና ሁልጊዜ አንድ ሁለት ቦታ ክፍት እንዲሆን ነው። ቀኑን ሙሉ የሚቆሙትን ወደ ኋላ መንገድ ማዛወር አዲስ ፓርኪንግ ከመሥራት ይቀድማል።

ከሱቁ በላይ ያለውን መጋዘን መኖሪያ ማድረግ

ሐሳቡ በጣም ጥሩ ነው፤ ማታ መብራት የሚታይበት መስኮት ለመንገዱ ጥበቃ ነው። ጠያቂው ግን «ቀለም ቀብተን እናከራየው» ብለዋል። እባክዎ እንዳያደርጉት። ሱቁን ለማስፋት ሲባል ደረጃው ፈርሶ ይሆናል፤ ተሸካሚ ግድግዳም ተነክቶ ሊሆን ይችላል። በሱቁና በመኖሪያው መካከል እሳት የሚያግድ ወለል ያስፈልጋል፤ መውጫውም በሱቁ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ከታች የተነሳ እሳት ላይ ያሉትን ይዘጋባቸዋል። የስትራክቸር መሐንዲስ፣ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያንና የእሳት አደጋ ባለሙያ ቦታው ድረስ መጥተው ሳያዩ ማንም አይደርበት። ከሦስቱ አንዱም በስልክ ምክር አይተካም።

እናቴ በዊልቸር ወደ ሱቆቹ መግባት አልቻሉም

ደፉን በሜትር ይለኩ። በ1 ለ12 ተዳፋት ስንሠራ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 1.8 ሜትር ርዝመት ያለው መወጣጫ ይፈልጋል፤ አጭር ሳንቃ ጣል ማድረግ ሰው መጣል ነው። በእግረኛው መንገድ ላይም 1.8 ሜትር ነጻ ስፋት ካለ ሁለት ዊልቸሮች ይተላለፋሉ። የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውጭ የወጣ ዕቃና ማስታወቂያ ሰሌዳ ነውና የዛሬ ሥራ እሱን ማንሳት ነው። ወንበር ስታስቀምጡ መደገፊያና የእጅ ማሳረፊያ ይኑረው፤ አዛውንት ተደግፈው የሚነሱት በእሱ ነው።

አራት ሰዎች ነን፣ ገንዘብ የለንም። በጣም ከተጎዳው ጫፍ እንጀምር?

አይደለም። እዚያ ያፈሰሳችሁት ጉልበት ሳይታይ ይቀራል። ሰው አሁንም የሚገባበትን ቦታ፣ ለምሳሌ ፋርማሲውን፣ መሃል አድርጋችሁ በግራና በቀኝ 50 ሜትር ምረጡ። በዚያ ውስጥ ያሉትን በሮች አንድ በአንድ በወረቀት ጻፉ፦ ክፍት ወይስ ዝግ፣ ባለቤቱ ማን ነው፣ ከመቼ ጀምሮ ተዘጋ፣ መብራትና ውሃ አለው ወይ። ከዚያ ለፋርማሲው ቅርብ የሆነውን ዝግ ሱቅ ባለቤት አነጋግሩ። ያ በር ሳይከፈት ወደ ቀጣዩ አትለፉ።