ለፋሲካ እንግዳ ስንት ኪሎ ስጋ ይበቃል?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ ዘንድሮ ፋሲካን እኛ ቤት ነው የምናከብረው፣ 20 ሰው ይመጣል፣ 4ቱ ልጆች ናቸው። ሁለት ዶሮ ይሰራል፣ በዛ ላይ ከቅርጫ 10 ኪሎ ይደርሰናል፣ ክትፎም ጥብስም ዱለትም አስበናል። አባቴ ሪህ አለበት፣ እህቴ የ5 ወር ነፍሰጡር ናት። አምና ዶሮው ቅዳሜ ቀን ተሰርቶ እሁድ ነው የቀረበው፣ ማታውን ግማሹ እንግዳ በሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ታመመ። ስጋ በዝቶ ይሆን? ስንት ኪሎ ላቅርብ?

መልስ፦ እህቴ ከወዲሁ መልካም በዓል። 10 ኪሎ ለ20 ሰው ማለት ህፃኑም ተቆጥሮ ዶሮውም ሳይነካ ለእያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ ነው፣ በጣም ብዙ ነው። እኔ የምልሽ ዶሮውንም ቀዩንም ስጋ ደምረሽ ለአዋቂ 200 ግራም አጥንት የሌለው ጥሬ ስጋ፣ ለልጅ 100 ግራም ያዢ፣ ሲበስል ሩብ ያህሉ ስለሚቀንስ አዋቂው ሰሃን ላይ የሚደርሰው 150 ግራም ገደማ ነው። 16 አዋቂና 4 ልጅ ስትደምሪው 3.6 ኪሎ ይመጣል፣ ከሁለቱ ዶሮ 1 ኪሎ ገደማ ስጋ ቢወጣ ከቅርጫው 2 ኪሎ ተኩል ይበቃሻል፣ እንዳይጎድል ከሰጋሽ 3 ኪሎ። ሁለት ዶሮ ደግሞ 24 ብልት ነው፣ ሁሉም አንድ አንድ ደርሶት 4 ይተርፋል። የቀረውን ስጋ እዛው በመጣበት ቀን ከፋፍለሽ ፍሪዘር ክተቺው ወይ ቋንጣ አድርጊው።

መጠኑ ላይ የምጨቀጭቅሽ 55 ቀን ቅቤ ያልነካው ሰው ሌሊት ከቤተክርስቲያን ተመልሶ በአንዴ ያን ሁሉ ስብ ሲበላ ሐሞት ከረጢቱ በኃይል ስለሚጨመቅ ነው፣ ጠጠር ያለበት ሰው በቀኝ የጎድን አጥንቱ ስር ከባድ ህመም ይይዘዋል። ስለዚ ሌሊት ሲፈሰክ ትንሽ ቅመሱ፣ ዋናውን ምሳ ላይ አድርጉት።

አባትሽን በተመለከተ ከስጋው በላይ የሚያሳስበኝ ዱለቱ ነው። ጉበትና ሌላ የሆድ ዕቃ ዩሪክ አሲድን በደንብ ከፍ ያደርጋል፣ ቢራ ሲጨመርበት ደግሞ ሌሊቱን የእግር አውራ ጣቱ አብጦ ሊነሳ ይችላል። ለሳቸው አንድ ብልት ዶሮ፣ አይብና ጎመን፣ ብዙ ውሃ። የሪህ መድኃኒት ከታዘዘላቸው ለበዓል ብለው እንዳያቋርጡ አደራ።

እህትሽ ጥሬም ልብልብም አትብላ። ጥሬ ስጋ ውስጥ ለፅንስ አደገኛ የሆነ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተህዋስ ሊኖር ይችላል፣ የሷ ክትፎ ቅላቱ እስኪጠፋ ይብሰል። ሌሎቻችሁም ብትሆኑ ሚጥሚጣና አረቄ የኮሶ ትልን አይገድልም፣ ሰው ግን ይገድላል ብሎ ያምናል፣ ምክንያቱም ትሉ አድጎ የሚታየው ከ2 እና 3 ወር በኋላ ስለሆነ ከፋሲካው ክትፎ ጋር አያገናኘውም።

አሁን ወደ አምናው ህመም ልምጣ። እኔ ከብዛቱ ይልቅ ድስቱን ነው የምጠረጥረው። ትልቅ ድስት ወጥ መሃሉ ቶሎ አይበርድም፣ ማብሰል ያልገደላቸው የባክቴሪያ ዘሮች እዛ ለብ ያለ ወጥ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ይራባሉ፣ ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል። ዘንድሮ ቅዳሜ ከሰራሽው እንደወረደ በትናንሽ ዕቃ ገልብጠሽ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቢው፣ እሁድ የሚበላውን ያህል ብቻ አውጥተሽ እስኪንተከተክ አሙቂው። መብራት ሄዶ ፍሪጁ ከ4 ሰዓት በላይ ከቆየ ግን ያሳዝናል እንጂ ወጡ ይደፋ። ጥሬ ስጋ የከተፍሽበትን ቢላና መክተፊያ በሳሙና ሳታጥቢ ለሰላጣ እንዳትጠቀሚበት።

ተቅማጡ ደም ከቀላቀለ፣ ትኩሳት ካለው ወይ ህፃንና አዛውንት ውሃ እንኳን አልረጋላቸው ካለ በዓል ነው ብላችሁ እስከ ሰኞ አትጠብቁ፣ ድንገተኛ ክፍል ክፍት ነው።