ሊኑክስን ለጀማሪ ለማቅለል፦ እኛ አጠገቡ ሆነን የምናደርገውን ኮምፒውተሩ ራሱ ያድርገው

ወንድማችን «ሊኑክስ ለጀማሪ እንዲቀል ምን ቢሻሻል ይበጃል? ሐሳብ አሰባስቤ ለሠሪዎቹ ልልክ ነው» ብለህ ጠይቀሃል። ሊኑክስ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ነፃ ሲስተም ነው፤ ጥያቄህም በወቅቱ የመጣ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ፣ አራት ኪሎ ወዳለው የጥገና ሱቃችን ወደ ዊንዶውስ 11 መሸጋገር ያልቻሉ ላፕቶፖች በብዛት ይመጣሉ። ማሽኖቹ ገና ደኅና ናቸው፤ የሚያስቀራቸው ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ቺፕ የሌላቸው መሆኑ ወይም የፕሮሰሰራቸው ዕድሜ ነው። የሊኑክስ ዓይነቶች የሆኑትን ኡቡንቱን ወይም ሊኑክስ ሚንትን ስንጭንባቸው ነፍስ ይዘራሉ። ይሁንና ከባለቤቶቹ አንዳንዶቹ ብዙም ሳይቆዩ «ዊንዶውሴን መልሱልኝ» ብለው ይመጣሉ።

ብዙ ሰው ስለ መልኩ ያወራል። በእኔ እምነት መልኩ ከተስተካከለ ቆይቷል። ጀማሪ የሚሸሸው አንድ ነገር ላይ ተሰናክሎ፣ አጠገቡ የሚያውቅ ሰው ሲያጣ ነው። በዚያች ሰዓት እኛ አጠገቡ ብንሆን የምናደርግለት ነገር አብዛኛውን ጊዜ የታወቀና አጭር ነው። እሱን ኮምፒውተሩ ራሱ ያድርገው፤ የምልህ ይህንኑ ነው።

አንዱን በቅርብ ላሳይህ። ባለ ሞኒተሩ ኮምፒውተር ማሻሻያ እየጫነ ሳለ መብራት ጠፋ እንበል። እኛ ከተማ ይህ ብርቅ አይደለም፤ ዩፒኤስ ያለው ሰውም ጥቂት ነው። መብራቱ ተመልሶ ሰውየው ከተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት) አንድ ፕሮግራም ልጫን ሲል፣ ኡቡንቱ «ዲፒኬጂ (ፕሮግራም ጫኙ) ተቋርጧል፤ ለማስተካከል ይህን ትእዛዝ በእጅህ አስገባ» የሚል መልእክት በእንግሊዝኛ ያወጣል። ትእዛዙን አንድም ፊደል ሳያጓድል እዚያው ይጽፈዋል። በሽታውን ያውቀዋል፣ መድኃኒቱንም ያውቀዋል፣ ግን አይሰጥም! ኮምፒውተሩ ሲከፈት «ባለፈው የተቋረጠ ሥራ አለ፤ ልጨርሰው?» የሚል መስኮትና አንድ ቁልፍ ቢመጣ ነገሩ ያልቅ ነበር። እንዲሁም ከጀርባ ማሻሻያ እየተጫነ ሌላ ፕሮግራም ለመጫን ሲሞከር «ፋይሉ ተቆልፏል» የሚል ነገር ይወጣል። ጀማሪው ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ «የቁልፉን ፋይል አጥፋው» የሚል ምክር ያገኛል፤ ሥራ ላይ ያለን ቁልፍ ማጥፋት ግን የፕሮግራሞቹን መዝገብ ሊያበላሽ ይችላል። «ማሻሻያ እየተጫነ ስለሆነ ጥቂት ጠብቅ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ስንቱን ኮምፒውተር ባዳነች።

ወደ አማርኛ ልምጣ፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ አቤቱታና ማመልከቻ የሚጽፉ አንዲት እናት ኡቡንቱ የተጫነበትን ላፕቶፕ በማግሥቱ ይዘው መጡና «ልጄ፣ ይህ ዕቃ አማርኛ አይጽፍም» አሉኝ። ይጽፋል። ግን መንገዱን እይ፦ ቅንብሮች፣ ከዚያ ኪቦርድ፣ ከዚያ የመደመር ምልክት፣ ከዚያ ሦስቱ ነጥቦች፣ ከዚያ «ሌላ» የሚለው፣ ከዚያ ፍለጋ። እዚያ ሲደርሱም የሚያገኙት አማርኛ፣ የኤልን ቁልፍ ከዩ ጋር አጣምሮ «ሉ» የሚሰጠው የለመዱት ዓይነት ላይሆን ይችላል። ለእሱ አይባስ-ኤም17ኤን የተባለ ተጨማሪ ፕሮግራም ጭኖ፣ ከአካውንቱ ወጥቶ እንደገና መግባት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ከተሠራላቸው በኋላ ደግሞ ቋንቋ ለመቀየር እንደ ልማዳቸው አልትና ሺፍትን ሲጫኑ ምንም አይለወጥም፤ ኡቡንቱ የሚጠብቀው የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከስፔስ ጋር ነው። ይህን ማን ነገራቸው?

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ስንጭን የሰዓት ክልል ይጠይቀናል፤ አዲስ አበባን እንመርጣለን። እዚያው ላይ «በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ትጽፋለህ?» ብሎ ጠይቆ፣ አስፈላጊውን ከመጫኛው ፍላሽ ላይ ወስዶ፣ መሞከሪያ ሳጥን ቢያቀርብ ምን ይከብዳል? የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር መለያ ውስጥ ስለገባ ማንበቡ ችግር የለውም። ችግሩ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች ላይ ነው። ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆነው ይከፈታሉ፤ ባለቤቱም «ሊኑክስ ፋይሌን አጠፋው» ይላል። ጽሑፉ እንዳልጠፋና የጎደለው ፎንቱ እንደሆነ ሊብሬኦፊስ (ሰነድ የሚከፍተው ፕሮግራም) በግልጽ ቢነግረው ባልደነገጠ ነበር።

የኢንተርኔት ወጪንም አትርሳ። የኡቡንቱ 24.04 መጫኛ ከ5 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ እንቀባበለዋለን። ከተጫነ በኋላ ግን ስናፕ የተባለው የኡቡንቱ ፕሮግራም ጫኝ በቀን አራት ጊዜ አዲስ ነገር መኖሩን ያያል፣ ካገኘም ያወርዳል። ከስልኩ ኢንተርኔት የሚያጋራ ተማሪ ጥቅሉ በምን እንዳለቀ አያውቅም። ኔትወርኩ በጥቅል የሚገዛ መሆኑን የሚያሳውቅ ቅንብር በየኔትወርኩ ዝርዝር ውስጥ ተደብቆ አለ። አዲስ ኔትወርክ በተያዘ ቁጥር «ይህ በጥቅል የሚገዛ ነው?» ብሎ ጠይቆ፣ ከሆነ ማውረዱን ማቆም ይበቃው ነበር። አፕት-ኦፍላይን የሚባል፣ ፕሮግራሞችን ኢንተርኔት ካለው ኮምፒውተር በፍላሽ ለማምጣት የሚያገለግል መሣሪያም አለ፤ ዋናው አሠራሩ ግን በትእዛዝ መስመር ነው። ለጀማሪ በሚቀል መስኮትና ቁልፍ ከመጀመሪያው አብሮ ቢጫን ለእኛ አገር ተጠቃሚ ትልቅ ውለታ ነው።

የሰዓቱን ነገር በአጭሩ፦ ሊኑክስንና ዊንዶውስን አንድ ኮምፒውተር ላይ የጫነ ሰው ወደ ዊንዶውስ ሲመለስ ሰዓቱ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ሊያገኘው ይችላል። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ይመዘግባል፣ ዊንዶውስ ግን በአካባቢው ሰዓት ያነበዋል፤ የእኛ ልዩነት ደግሞ 3 ሰዓት ነው። ሰው ይህን ባለማወቅ የማዘርቦርድ ባትሪ ያስቀይራል። መጫኛው ዊንዶውስ መኖሩን ካየ ራሱ ያስታርቃቸው። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠርም ከሰዓቱ ጎን በምርጫ ቢገባ ደስ ይለኛል፤ አይሲዩ የተባለው ክፍት የፕሮግራም ስብስብ ስሌቱን ያውቀዋል፣ ከዜሮ የሚጀምር የለም።

ስትልክ ሁሉንም በአንድ ደብዳቤ አትጠቅልለው። ሠሪዎቹ የችግር ሪፖርት በሚቀበሉባቸው ድረ ገጾች፣ ኡቡንቱን የሚመለከተው ላውንችፓድ ላይ፣ ሚንትን የሚመለከተው ጊትሃብ ላይ፣ እያንዳንዱ ችግር ለብቻው ከነሥሪት ቁጥሩና ከነስክሪን ፎቶው ይቅረብ። የአማርኛውን አጻጻፍ ክፍል እኔ አዘጋጅቼ ከፎቶዎቹ ጋር እልክልሃለሁ።