ጨው ቀንሼ ግፊቴ ለምን ጨመረ? ድሮፕ ይሆን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 51 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ሮተርዳም ነው። ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እወስዳለሁ። ወጥ ላይ ጨው ከቀነስኩ ቆየሁ። ግፊቴ ግን 130/80 የነበረው አሁን 160/95 ገብቷል፤ ማታ ማታ እግሬ ያብጣል። ሥራ ቦታ የለመድኩት ነገር ቢኖር ጥቁሩ የሆላንድ ከረሜላ፣ ድሮፕ ነው። ጨዋማውን ፈርቼ ጣፋጩን ብቻ ነው የምበላው፤ በቀን ግማሽ ፓኬት ያልቃል። እሱ ይሆን? ስትሮፕዋፍል የሚባለው ባለ ሽሮፕ ብስኩትና ክሮኬት የሚባለው ጥብስስ?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም ዋናው ተጠርጣሪ ድሮፑ ይመስለኛል። ጨዋማውን መተውዎ ደግሞ ብዙ አልጠቀመዎትም። የጨዋማው ድሮፕ ጣዕም በአብዛኛው የሚመጣው ከወጥ ጨው ሳይሆን ሳልሚያክ ከሚባል ሌላ ጨው ነው። ግፊት የሚያስነሳው ግን ጨዋማውም ጣፋጩም የሚሠሩበት ተክል ነው። ሆላንዶች ዙትሃውት ይሉታል። ሥሩ ውስጥ ግሊሲራይዚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ።

ኩላሊታችን ውስጥ ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ከሥራ ውጭ የሚያደርግ ኢንዛይም አለ። ግሊሲራይዚን ይህን ኢንዛይም ያግደዋል። ያኔ ኮርቲሶሉ እንዳሻው ይሆንና ኩላሊትን ጨው እንዲያስቀር፣ ፖታሲየም እንዲያስወጣ ያደርገዋል። ጨው ከቀረ ውሃም ይቀራል። እግርዎ የሚያብጠው፣ ግፊቱም የሚወጣው በዚህ ሊሆን ይችላል። ወጥዎ አልጫ ቢሆንም፣ ከሌላው የሚገባውን ጨው ኩላሊትዎ አልለቅም ብሎ ይይዘዋል።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን መድኃኒትዎ ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድም ፖታሲየም ያስወጣል። ሁለቱ ሲደመሩ ጡንቻ ይዝላል፣ ይሸማቀቃል፤ የልብ ምትም ሊዛባ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ ሐኪሞች ከዚሁ ተክል የተሠራ ጥቁር ከረሜላ በየቀኑ በብዛት ይበላ ስለነበረ የ54 ዓመት ሰው ጽፈዋል። ፖታሲየሙ ክፉኛ ወርዶ ልቡ ቆመ፤ ሊያድኑትም አልቻሉም። እንዲህ ያለው አደጋ ብዙ አያጋጥምም። የእርስዎ መድኃኒት ባይኖርበት ኖሮ ባላነሳሁትም ነበር።

የአውሮፓ ባለሙያዎች ለጤነኛ ሰው እንኳ በቀን ከ100 ሚሊግራም በላይ ግሊሲራይዚን አዘውትሮ መውሰድ አይመክሩም። መጠኑ ከድሮፕ ድሮፕ ስለሚለያይ ፍሬ ቆጥሮ መብላት አያዋጣም። ፓኬቱን ገልብጠው ያንብቡ። በኪሎ 4 ግራምና ከዚያ በላይ ግሊሲራይዚን ካለበት፣ የደም ግፊት ያለበት ሰው እንዳያበዛ የሚል ማስጠንቀቂያ የመጻፍ ግዴታ አለ። «ሆኸ ብሉድድሩክ» (ከፍተኛ የደም ግፊት) የሚለውን ይፈልጉ። ሻይ ሲገዙም እንዲሁ፤ ብዙ የቅጠላ ቅጠል ሻይ ውስጥ ዙትሃውት ይጨመራል።

ስለዚህ ድሮፑን ከዛሬ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ይተዉት። መድኃኒቱን ግን በራስዎ እንዳያቋርጡ፣ አደራ። ነገ ጠዋት ሃውስአርትስዎ (የቤተሰብ ሐኪምዎ) ጋ ይደውሉ። ድሮፕ በቀን ምን ያህል እንደሚበሉ በግልጽ ይንገሯቸው፤ ካልነገሯቸው ላይጠይቁዎት ይችላሉ። የፖታሲየም (እነሱ ካሊዩም ይሉታል) እና የኩላሊት ምርመራ እንዲያዙልዎም ይጠይቁ። ልብዎ ያለ አግባብ ከመታ፣ ራስዎን ከሳቱ፣ ደረትዎን ካመመዎት ወይም እጅና እግርዎ ከከዳዎት ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ወደ ድንገተኛ አደጋ ስልክ 112 ይደውሉ።

ስትሮፕዋፍል እዚህ ጉዳይ ውስጥ የለበትም። ክብደቱ ሲሶው ገደማ ስኳር ነው፤ የስኳር ሕመም ከሌለብዎ ከቡና ጋር አልፎ አልፎ አንዱን ቢበሉ አልከለክልዎትም። ክሮኬት ዘይት ውስጥ የሚጠበስ፣ ጨውም ስብም የበዛበት ነው፤ ለግብዣ ቀን ያቆዩት። ከእሱ ይልቅ ሊጠነቀቁት የሚገባው ምሳ ላይ የሚበሉት ዳቦ በአይብ ነው። በየቀኑ ሳይታወቅ ብዙ ጨው የሚገባው በእሱ ነው። አፍዎ የሚታኘክ ነገር ከለመደ ጨው የሌለው ቆሎ ይያዙ።

ግፊትዎን ጠዋትና ማታ እየለኩ ይጻፉ። ድሮፕ ካቆሙ በኋላ ለመውረድ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ከወር በኋላም ካልወረደ ሌላ ምክንያት መፈለግ ስላለበት ወረቀቱን ይዘው ተመልሰው ይሂዱ።