መልስ፦ የውሃ ፊት ቅባት የሚጠርግ ስኪመር በቤት መሥራት

«60 ሊትር አኳሪየም (የዓሣ ገንዳ) ላይ የሚረብበውን የቅባት ሽፋን የሚስብ ነገር በምን ልሥራ?» ላልከው፣ በሰዓት 200 ሊትር ገደማ የሚገፋ የውስጥ ፓምፕና እሱን የሚይዝ ጠንከር ያለ የፕላስቲክ ኩባያ ይበቃሃል። ስስ የውሃ ጠርሙስ ይጣመማል፣ ተወው።

ከኩባያው ከንፈር ዙሪያ ወደ ታች 15 ሚሊ ሜትር የሚወርዱ፣ 2 ሚሊ ሜትር የሚሰፉ ስንጥቆች በየ5 ሚሊ ሜትሩ አውጣ። ከዚህ ከሰፉ የዓሣ ጫጩት ይገባል። ፓምፑን ከኩባያው ውስጥ ከታች፣ ማጣሪያ ስፖንጅ ከላዩ አድርግ፤ የፓምፑን መውጫ ቱቦ በከንፈሩ አሻግረህ አፉን ከኩባያው ውጭ ባለው የገንዳው ውሃ ውስጥ ክተት። ኩባያውን በመምጠጫ ጎማ መስታወቱ ላይ ስትለጥፍ ውሃው የስንጥቆቹ ግማሽ ላይ ይድረስ።

ጣጣው የሚመጣው ፓምፑ ስንጥቆቹ ከሚያስገቡት በላይ ሲስብ ነው። የኩባያው ውሃ ይወርድና ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ ከቱቦው አፍ ጥቃቅን አረፋ ይወጣል። ፍሰቱን ቀንስ፤ ካልሆነ ከኩባያው ሥር ሁለት ባለ4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሳ። አታብዛ ግን፣ ፓምፑ ከታች እየጠጣ ቅባቱን እዚያው ይተወዋል።

ውሃው በትነት ስለሚጎድል በየሁለት ቀኑ ሙላ፤ ከስንጥቆቹ በታች ከወረደ ፓምፑ አየር ይስባል። ስፖንጁን በየሳምንቱ ከገንዳው በቀዳኸው ውሃ እጠበው፤ ሳሙና እንዳይነካው።