የኬልቶችን አማልክት ዝርዝር ለጠየቅከው

ወንድሜ፣ «ግሪኮች ዜውስ አላቸው፤ የኬልቶች ዋና አምላክ ማነው? ሙሉ ዝርዝሩስ የት ይገኛል?» ብለሃል። እኔም ይህንኑ ዝርዝር ስፈልግ ከርሜያለሁ። ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል፤ አንዱ ግን ከሌላው አይገጥምም። ደብተር ላይ ያሰፈርኩትን ሁለት ጊዜ ቀድጄ ጣልኩት።

ኬልት የሚባል አንድ መንግሥት አልነበረም። ከአየርላንድ እስከ ዛሬዋ ቱርክ የተበተኑ፣ ቋንቋቸው የሚቀራረብ ብዙ ነገዶች ናቸው። ካህናቱ ድሩይዶች ትምህርታቸውን በቃል እንጂ በጽሑፍ አላስተላለፉም። የጻፉልን ሌሎች ናቸው። የሮማው ጦር መሪ ዩልዮስ ቄሳር የጎሎችን (የዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ ኬልቶችን) አማልክት ሜርኩሪ፣ አፖሎ፣ ማርስ እያለ በሮማ ስም ጠራቸው። የአየርላንዱን ተረት ደግሞ ከዘመናት በኋላ ክርስቲያን መነኮሳት ጻፉት። ድንጋይ ላይ ከተቀረጹት ስሞች አብዛኞቹ የተገኙት አንዴ ብቻ ነው። የሰፈር አማልክት በላቸው።

ነገሩ የገባኝ እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ ነው። የሄድኩት እንኳ ጃንሆይ በስደት የኖሩበትን ፌርፊልድ ሀውስን ለማየት ነበር። ባቡሬ እስኪደርስ ጊዜ ተረፈኝና ወደ ፍልውሃው ጎራ አልኩ። ውሃው ሲፈልቅ 46 ዲግሪ ገደማ ነው። ለጎብኚ የሚቀዳውን ቀመስኩት፤ የዛገ ሚስማር የላስኩ መሰለኝ። የምንጩ ባለቤት ሱሊስ የምትባል ያገሩ አምላክ ነበረች። ሮማውያን ሲመጡ አልሻሯትም። ከራሳቸው ሚነርቫ ጋር አጣምረው ሱሊስ ሚነርቫ አሏት።

እዚያ ቆሜ የቀረሁት ግን ከምንጩ የወጡት የእርሳስ ብረት ቁርጥራጮች ጋ ነው። 130 ያህል ናቸው። ዕቃ የተሰረቀበት ሰው አቤቱታውን ስሱ ብረት ላይ ይጭርና ውሃው ውስጥ ይጥለዋል። አውጫጭኝ በጽሑፍ በለው። ዶኪሜዲስ የሚባለው ሁለት ጓንት ጠፍቶበት፣ የሰረቀው ሰው አእምሮውንና ዓይኑን እንዲያጣ ይለምናል። ለጓንት! አኒያኑስ ደግሞ ከቦርሳው 6 የብር ሳንቲም ተወስዶበታል። ወንድ ይሁን ሴት፣ ባሪያም ይሁን ጨዋ፣ አረማዊም ይሁን ክርስቲያን፣ እመቤቴ ሆይ አስመልሺልኝ ይላል። ልብ በል፣ ክርስትና ከተማው ገብቷል፤ የሌባ ጉዳይ ግን አሁንም የሚቀርበው ለሱሊስ ነው።

ስለዚህ ዝርዝሩን ተወውና አንድ አምላክ ያዝ። ፈረስ ከወደድክ ኤፖና አለችልህ፤ የጎል የፈረስ አምላክ ናት፣ የሮማ ፈረሰኛ ጦር ሳይቀር አምልኳታል። የአየርላንዷ ብሪጂድ ትንሽ ታደክምሃለች። አምላኳም ቅድስቷም ስማቸው አንድ ነው፤ አንዷ የት አብቅታ ሌላዋ የት እንደምትጀምር ምሁራኑ ዛሬም ይከራከራሉ። በቅድስቷ ስም አየርላንድ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ዘግታ ታከብራለች። ቀንዳሙን ኬርኑኖስ ግን ለኋላ አቆየው። ስሙ የተጻፈበት ድንጋይ ከኖትርዳም ካቴድራል ሥር ወጥቶ ፓሪስ ሙዚየም አለ። ኢንተርኔት ላይ የሚወራለት አብዛኛው ግን የዘመናችን ሰው የጨመረለት ነው። እኔንም ደብተሬን መጀመሪያ ያስቀደደኝ እሱ ነው።