ፈቅደው መዝግበው መልሰው ያስጠነቅቁኛል

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው። የ7 ዓመት ልጄ አስም አለበት። ብርድ ሲገባ ሌሊቱን ሲያስለው ያድርና ጠዋት ትምህርት ቤት መላኩ አይሆንልኝም። በቀረ ቁጥር በማለዳ ደውዬ፣ መልእክት መቀበያው ላይ ስሙንና ክፍሉን ተናግሬ፣ መታመሙን አሳውቃለሁ። ለሆስፒታል ቀጠሮውም ወረቀቱን አሳይቼ «ተፈቅዷል፣ ችግር የለም» ተብያለሁ። የግማሽ ተርም ዕረፍት ሲቃረብ ግን «የልጅዎ መገኘት 88.6 በመቶ ስለሆነ አሳስቦናል፤ ከእንግዲህ በቀረ ቁጥር የሐኪም ደብዳቤ ያምጡ» የሚል ማስጠንቀቂያ ላኩልኝ። ሄጄ ብጠይቅ «ኮምፒውተሩ ነው የላከው» አሉኝ። ጂፒው (የሠፈራችን ሐኪም) ደግሞ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አንጽፍም ይላል። ባለፈው ዓመትም የገናን ዕለት ያለ ፈቃድ ቀረ ብለው መዝግበውብኛል። ሊቀጡኝ ነው? ወይስ ልጄን እያመመውም ቢሆን ልላከው?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ከቅጣቱ ልጀምር፤ እንቅልፍ የነሣሽ እሱ ይመስለኛል። ነገሩ እንደጻፍሽልኝ ከሆነ አትቀጪም። እንግሊዝ ውስጥ ከኦገስት 2024 ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ የቅጣት ጉዳይ የሚነሣው ልጁ በ10 የትምህርት ሳምንታት ውስጥ 10 ግማሽ ቀን ያለ ፈቃድ ሲቀር ነው። ግማሽ ቀን ያልኩሽ መዝገቡ ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት በኋላ አንዴ ስለሚያዝ ነው፤ ሲደመር አምስት ሙሉ ቀን ይሆናል። መዝገቡ ላይ የቀረበት ምክንያት በፊደል ኮድ ይጻፋል፤ በሕመም ቀርቶ «አይ» (I) የሚለው ኮድ የተጻፈለት፣ ወይም ሐኪም ዘንድ ሄዶ «ኤም» (M) የተባለ ልጅ እዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም።

ታዲያ ማስጠንቀቂያው ለምን መጣ? መቶኛው የቀረበትን ምክንያት ስለማይጠይቅ ነው። በፈቃድም ይሁን ያለ ፈቃድ፣ ልጁ ክፍል ውስጥ ካልነበረ ይቀንሳል። በመንግሥት አቆጣጠር ከትምህርት ጊዜው 10 በመቶና ከዚያ በላይ የቀረ ልጅ «በተደጋጋሚ ቀሪ» ይባላል፤ ካንሰር ታሞ የቀረውም ዲዝኒላንድ ሄዶ የቀረውም እኩል ነው። አንቺ የጻፍሽልኝ 88.6 ደግሞ ከ35 ቀን አራቱን መቅረት ነው። በመጀመሪያው ተርም የተማሩት ቀን ጥቂት ስለሆነ አንድ ክፉ ሳምንት ቁጥሩን ያወርደዋል። እነዚያው አራት ቀናት ከዓመቱ 190 ቀን ላይ ሲታሰቡ ልጅሽ ወደ 98 በመቶ ይጠጋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ደብዳቤው ላይ ሁለት መስመር ቢጨምር ኖሮ አንቺም አትደነግጪም ነበር። «ኮምፒውተሩ ነው» ያሉሽ ግማሹ እውነት ነው፤ ከስንት በመቶ በታች ሲሆን ደብዳቤ እንዲወጣ የወሰነው ግን ሰው ነው።

ስለዚህ ከመቶኛው ጋር አትሟገቺ፣ አታሸንፊውም። ሙግትሽ በኮዶቹ ላይ ይሁን። የልጅሽን የመገኘት መዝገብ ቀን በቀን ከነኮዱ አትመው እንዲሰጡሽ በጽሑፍ ጠይቂ፤ የግል መረጃ ጥያቄ ነው ብለሽ ከጻፍሽ በሕግ በአንድ ወር ውስጥ ሊመልሱልሽ ይገባል። ከያዝሽው ማስታወሻና ከስልክሽ የጥሪ ዝርዝር ጋር አስተያዪው። እኔ ትምህርት ቤት ቢሮ ውስጥ ጠዋት ጠዋት እነዚያን መልእክቶች አዳምጬ የምመዘግብ ነበርኩና አንድ ነገር ልንገርሽ፤ የእኛ ስም በስልክ ሲነገር እነሱ ጆሮ ውስጥ ሌላ ነው። የልጁ ስም ከአባቱ ስም ጋር ተገለባብጦ ይጻፋል፣ የወንድሙ መዝገብ ላይ ይገባል፣ አንዳንዴም የትም አይገባም። ምክንያቱ ያልታወቀ ቀን መጀመሪያ «ኤን» ይባላል፤ በ5 የትምህርት ቀናት ውስጥ ምክንያቱ ካልታወቀ «ኦ» ይሆናል፣ ያለ ፈቃድ ማለት ነው። ከእንግዲህ በኢሜይል ወይም በትምህርት ቤቱ መተግበሪያ ላኪ፣ ማስረጃ ይሆንሻል። «ታሟል» ብቻም አትበዪ፤ «ሌሊቱን አስሙ ተነሥቶበት፣ ይህን ያህል ጊዜ መንፊያውን (ኢንሄለሩን) ወስዶ» ብለሽ ጻፊ። ስህተት ካገኘሽ እንዲያርሙት ጠይቂ። ሲያርሙም የቀድሞውን ኮድ፣ አዲሱን፣ ምክንያቱን፣ ቀኑንና ያረመውን ሰው ማስፈር ግዴታቸው ነው፤ ስለዚህ «አንዴ ከገባ አይነካም» ቢሉሽ አትቀበዪ።

የሐኪም ደብዳቤው ነገር የመንግሥት መመሪያ ላይ በግልጽ አለ። ሕመሙን የሚያጠራጥር እውነተኛ ምክንያት ከሌለ ማስረጃ መጠየቅ የለባቸውም። ጥርጣሬ ቢኖርም የመድኃኒት ማዘዣ ወይም የቀጠሮ ካርድ ይበቃል። አስም እንዳለበት ተመዝግቦ የሚታወቅ ልጅ ላይ በቀረ ቁጥር የሐኪም ወረቀት አምጪ ማለት መመሪያውን አለማንበብ ነው። እንዲህ በቁጣ አትጻፊላቸው እንጂ ነገሩ ይኸው ነው።

ገናን በተመለከተ ሕጉ ራሱ ከአንቺ ጋር ነው። በ1996 የትምህርት ሕግ አንቀጽ 444 መሠረት የወላጁ የሃይማኖት ተቋም ለአምልኮ ብቻ በለየው ቀን የቀረ ልጅ ወላጁን አያስጠይቅም፤ ኮዱም «አር» ነው፣ ከፈቃድ ይቆጠራል። ችግሩ ከየት እንደሚመጣ አውቀዋለሁ። ጃንዋሪ 7 የሚውለው ትምህርት ቤቶች ከእነሱ ገና ዕረፍት በሚመለሱበት ሰሞን ነው፤ ቢሮው «ዕረፍታቸውን አራዘሙ» ብሎ ይጠረጥራል። ስለዚህ ዲሴምበር ላይ ዕረፍቱ ሳይጀምር ቀኑን፣ የበዓሉን ስምና ቤተ ክርስቲያንሽን ጠቅሰሽ አስቀድመሽ ጻፊ። ከተጠራጠሩ የሃይማኖት ተቋሙን መጠየቅ ይችላሉ። ያለፈው ዓመትም እንዲታረም አብረሽ አንሺ።

«እያመመው ልላከው?» ላልሽው፣ መተንፈስ የከበደውን ልጅ አትላኪ። ግን እናት ሆኜም እላለሁ፣ ሌሊት አስሎ ረፋድ ላይ የሚሻለው ቀን አለ። ከሰዓት በኋላ ላለው ጥሪ ከደረሰ ግማሹ ቀን ይተርፋል። የቀጠሮ ሰዓት መምረጥ ከቻልሽም የጠዋቱ ስም ከተጠራ በኋላ ይሁን፤ ስሙ ሲጠራ ከተገኘና ለሐኪም ከወጣ ያ ግማሽ ቀን ቀረ አይባልም። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚጠቅምሽ ግን የግል የጤና ዕቅድ እንዲያዘጋጁለት መጠየቅ ነው። ምን ሲያስነሣበት ማን መንፊያውን እንደሚሰጠው፣ ስፖርት ሲኖር ምን እንደሚደረግ፣ መቼ እንደሚደወልልሽ በጽሑፍ ይቀመጣል። ከኦክቶበር 2014 ወዲህ ትምህርት ቤቶች ለድንገተኛ የሚሆን የአስም መንፊያ እንዲያስቀምጡ ተፈቅዶላቸዋል፤ የእነሱ አላቸው ወይ ብለሽ ጠይቂ። ዕቅዱ ፋይሉ ውስጥ ካለ በሚቀጥለው ጊዜ ደብዳቤውን የሚፈርመው ሰው ልጅሽን በቁጥር ብቻ አያየውም።

ሕመሙ ጠንቶ፣ እግዚአብሔር አያምጣውና፣ በሕመም የሚቀርበት ጊዜ ተደምሮ 15 ቀን ይደርሳል ተብሎ ከታሰበ ትምህርት ቤቱ ለካውንስሉ (ለአካባቢው አስተዳደር) ማሳወቅ አለበት። ያኔ «ከሰሱኝ» ብለሽ አትደንግጪ፣ እርዳታ የሚጠየቅበት መንገድ ነው።

ከትምህርት ቤቱ ቢሮ ጸሐፊ ጋር ስለ ፖሊሲ አትከራከሪ፣ እሷ አትወስንም። በትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ባለው የመገኘት ፖሊሲ ውስጥ ጉዳዩን የሚመራው ኃላፊ ስምና አድራሻ አለ፣ ለእሱ ጻፊ። ካልመለሰ ለርዕሰ መምህሩ፣ ከዚያ በትምህርት ቤቱ የአቤቱታ ሥርዓት ወደ ቦርዱ። እንግሊዝኛው ቢያስቸግርሽ አጭር አድርጊው፦ የተሳሳቱት ቀናት፣ መሆን የነበረበት ኮድ፣ የጤና ዕቅዱ ጥያቄ፣ መልስ የምትጠብቂበት ቀን።