ዝናቡና ባሕሩ ባንድ ቀን ሲመጡ፦ ጥያቄና መልስ

በባሕር ዳርቻ ከተሞች ጎርፍ ዙሪያ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ባሕሩ የዳርቻውን መከላከያ ግንብ ካላለፈ ከተማው ለምን ይጥለቀለቃል?

መልስ፦ የዝናቡ ውሃ መውጫ ስለሚያጣ ነው። ብዙ ከተሞች ውሃውን ወደ ባሕር የሚለቁት ያለ ፓምፕ፣ በቁልቁለት ብቻ ነው። ወጀብ ባሕሩን ወደ ዳርቻ ሲገፋው የቱቦው አፍ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል። መዝጊያ ካለው ይዘጋል፤ ከሌለው ባሕሩ በቱቦው ተመልሶ መንገድ ላይ ይወጣል። ያኔ መካከለኛ ዝናብም ይበቃል። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 በሰሜን ኔዘርላንድስ የሆነው ይኸው ነው፤ ባሕሩ ከፍ ብሎ ስለቆየ የዝናቡ ውሃ አልወጣ አለ፣ ነዋሪዎችም ከቤታቸው እንዲወጡ ተደረገ።

ጥያቄ፦ የባሕሩም የዝናቡም ጎርፍ በ100 ዓመት አንዴ የሚመጣ ከሆነ፣ ሁለቱ የሚገጥሙት በ10,000 ዓመት አንዴ ነው አይደል?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። 100ን በ100 ማባዛት የሚያስኬደው ሁለቱ ምንም ካልተዛመዱ ነው። አንድ ወጀብ ግን ሁለቱንም ይዞ ይመጣል። ነፋሱ ባሕሩን ይገፋል፤ የአየር ግፊቱ በ1 ሄክቶፓስካል ሲወርድ ባሕሩ 1 ሴንቲሜትር ያህል ይነሳል፤ ዝናቡን የሚያወርደውም ያው ወጀብ ነው። ስለዚህ አብረው የመምጣታቸው ዕድል ከተባለው እጅግ ሊበልጥ ይችላል። ዝምድናው ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የአካባቢውን የባሕር ከፍታና የዝናብ መዝገብ ጎን ለጎን ማየት የግድ ነው። ባለሙያዎች ኮፑላ በሚባል የስታቲስቲክስ ዘዴ ይለኩታል። መዝገቡ አጭር ከሆነ በኮምፒውተር ብዙ ወጀቦች ይፈጥራሉ።

ጥያቄ፦ ሁሉም ወጀብ እንዲህ ነው?

መልስ፦ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳንዲ የተባለው ወጀብ ኒውዮርክን ያጠለቀው በባሕር ነው፤ ዝናቡ ትንሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ሃርቪ የተባለው ወጀብ በአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ቴክሳስ በአንዳንድ ቦታዎች ከ1,500 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ አወረደ። እ.ኤ.አ. በ2019 ኢዳይ የተባለው ወጀብ የሞዛምቢኳን ቤይራ ሲመታ ደግሞ ባሕሩም ዝናቡም ነበሩበት፤ የቡዚና የፑንግዌ ወንዞችም ሞልተው አካባቢውን አጥለቀለቁ። ወንዝ ቀናት ዘግይቶ ሊደርስ ስለሚችል የሚደርስበት ሰዓትም ወሳኝ ነው።

ጥያቄ፦ ባሕሩን የሚዘጋ ትልቅ በር ብንሠራስ?

መልስ፦ ጥሩ ነው፤ ግን ሲዘጋ የዝናቡንም ውሃ ውስጥ ያስቀረዋል። ፓምፕና ማጠራቀሚያ ይፈልጋል። የፓምፑ መብራት የሚመጣበት ጣቢያም ጎርፍ የማይደርስበት ይሁን፤ ይሄ ይረሳል።

ጥያቄ፦ የጎርፍ ጥናት ቀርቦልናል፤ መጀመሪያ ምን ልይ?

መልስ፦ ዝናቡ ሲሰላ ባሕሩ ስንት ሜትር ላይ ነበር ተብሎ እንደተያዘ ፈልግ። አማካይ ከፍታ ብቻ ከተያዘ ጥናቱን መልስላቸው።